ሁለቱ ሰማያዊ ቋጠሮዎች

ወንድሜ ጋሼ ዮንዶን መኪናቸውን ሲሰጡኝ ያስጠነቀቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ረጅሙን ሻፍት እኔን ሳትጠራ እንዳትፈታ» አሉኝ። ቁልፉን በሁለት እጄ ተቀብዬ ግንባሬን አስነካሁና «እሺ ጋሼ» አልኩ። እሺ ማለት ለኔ አይከብደኝም። ሃያ ስድስት ዓመት በወረዳችን ትምህርት ቤት ሒሳብ ሳስተምር ስንቱን ርዕሰ መምህር እሺ እያልኩ ሸኝቼዋለሁ።

መኪናዋ ሩስያ ሠራሽ ግራጫ ቫን ናት፤ ጎማ የተገጠመላት ዳቦ ትመስላለች። ጋሼ የከብት አርቢዎች ማኅበሩ ሾፌር ነበሩ። ማኅበሩ ሲፈርስ እሷ ለሳቸው ደረሰች፤ ከዚያ ወዲህ ሌላ እጅ ነክቷት አያውቅም። አባታችን ሲሞት እኔ የስድስት ዓመት ልጅ ነበርኩ፣ እሳቸው ደግሞ የሃያ ሦስት። ያሳደጉኝ በዚያች ጋቢና ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። በኛ አገር መንገድ ላይ «መቼ እንደርሳለን?» ተብሎ አይጠየቅም፤ ገደ ቢስ ነው። እኔ ግን ልጅ ነበርኩና እጠይቅ ነበር። ጋሼ አይቆጡም። «እኔ መሪ ይዣለሁ፣ አንተ የስልክ እንጨቶቹን ቁጠርልኝ» ይሉኛል። መቁጠር የተማርኩት እንደዚህ ነው።

በሐምሌ ዋና ከተማችን ኡላን ባቶር ወስጃቸው አንዲት ሐኪም ዓይናቸውን አየችላቸው። ግላኮማ ነው አለች። ግራው ከጠፋ ቆይቷል፤ በቀኙም የሚያዩት በቁልፍ ቀዳዳ እንደሚያጮልቅ ሰው ነው። «ጠብታውን አያቋርጡ» አለቻቸው፤ «ግን አልዋሽዎትም፣ በረዶ እስኪጥል ላይቆይ ይችላል። ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ አይበሉ።» ከከተማው ወጥተን መንገዱን ካጋመስን በኋላ ጋሼ፣ «መስከረም ላይ ጥዶቹ ቢጫ ሲሆኑ ምንጩ ጋ ውሰደኝ» አሉ።

ምንጩ የተወለድንበት ቦታ ነው፤ ከወረዳችን ሁለት መቶ ኪሎ ሜትር ይርቃል፣ መንገዱም ሁለት ተራራ ያሻግራል። የዚያ አገር ጥድ ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ሆኖ አይከርምም። መስከረም ላይ ቢጫ ይሆንና ቅጠሉን ያራግፋል። ቢጫው ቢበዛ አሥራ አምስት ቀን ይቆያል፤ አንድ ኃይለኛ ነፋስ ከመጣ ደግሞ እሱም የለም። ጋሼ በዕድሜያቸው ሙሉ የለመኑኝ ነገር ይኸው ብቻ ነው።

እኔ ደግሞ ነገር ማሳመር እወዳለሁ። ነሐሴ ማለቂያ ላይ አንድ ቅዳሜ መኪናዋን ደጃፌ ላይ በክሪክ አነሳሁና ከሥሯ ገባሁ። ዘይት ቀየርኩ፣ ፍሬኗን አየሁ፣ ግራሶ የሚጠጣውን ሁሉ አጠጣሁ። ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደው ረጅሙ ሻፍት ጋ ስደርስ ጭቃውን ጠራረግሁት። መሃሉ ላይ፣ ሁለቱ ግማሾቹ እርስ በርስ በሚሰካኩበት ቦታ፣ አንዱ ከወዲህ አንዱ ከወዲያ፣ ሁለት ሰማያዊ ጨርቅ በሽቦ ተጠናክሮ ተቋጥሯል። ግራሶና አቧራ ጠጥተው ቁርበት ሆነዋል።

ሰማያዊ ሐር በኛ ዘንድ የሰማይ ነው። ለታላቅ ሰው በሁለት እጅ ይሰጣል፣ በተራራ ጫፍ የድንጋይ ክምር ላይ ይታሰራል፣ መሬት አይነካም። «ምስኪን ጋሼ፣ በረከቱን ጭቃ ውስጥ አስረውታል» ብዬ አዘንኩላቸው። እያዘንኩ ፈታኋቸው። ወተት ጠብ ባደረግሁበት ለብ ያለ ውሃ አጥቤ ጋቢናው ውስጥ ካለው መስታወት ላይ ሰቀልኳቸው።

ሻፍቱን ስፈታ ቃሌ ትዝ አላለኝም አልልም። ትዝ ብሎኛል። «ጋሼ እንኳን ሻፍት ሻያቸውንም በዳበሳ ነው የሚያገኙት፣ ምን ብዬ አስቸግራቸዋለሁ?» አልኩ። ዋናው ምክንያት ግን እሱ አልነበረም። አርባ ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ ቡሎን ለመፍታት ፈቃድ መጠየቅ አሳፈረኝ። ፈታሁት፣ ሁለቱን ግማሾች አላቀቅሁ፣ በነጭ ጋዝ አጠብኩ፣ በሽቦ ብሩሽ ፈተግሁ፣ ጥቁር ቀለምም ቀባሁት። የአንደኛው ጫፍ ዙሪያውን ጥርስ አለው፣ ሌላኛው ውስጥ ይሰካል። በየትኛውም ጥርስ ይገባል። እኔም በገባበት አስገባሁትና ቡሎኖቹን አጠበቅሁ።

እሑድ ጠዋት ባለቤቴን ሃንዳን አሳፍሬ ወደ ሜዳው ወጣሁ። እስከ ሃምሳ ድረስ እንደ ሙሽራ ሄደች። ሃምሳን ስታልፍ ከወለሉ ሥር የማጓራት ድምፅ ተነሣ፤ ንቅጥቅጡም በመቀመጫዬ ገብቶ በጥርሴ ወጣ። መስታወቱ ላይ የሰቀልኳቸው ጨርቆች ይደንሱ ጀመር።

«አንተ» አለች ሃንዳ አገጯን በእጇ ይዛ፣ «መኪና ነው ያደስከው ወይስ ወፍጮ?»

«ጎማ ነው።»

«ጎማውን ነክተኸው ነበር?»

«አልነካሁትም።»

«ታዲያ የነካኸውን ትተህ ያልነካኸውን ለምን ትከሳለህ?»

ሃንዳ የምትሠራው ወተት ማቀነባበሪያ ነው፣ ስለ መኪና ምን ታውቃለች ብዬ ወደ ጎሚስታ ቤት አዞርኩ።

ጎሚስታው ጎንቺግ የድሮ ተማሪዬ ነው፤ ሦስት ጊዜ ከክፍል እንዳስወጣሁት እስከ ዛሬ አልረሳም። አራቱንም ጎማ ፈትቶ አሽከረከረ፣ መዘነ፣ እጁን ጠራረገ።

«መምህር፣ ጎማዎ ክብ ነው። ማስረጃውን ሰሌዳ ላይ ልሥራልዎት?»

«የቸርኬው ቡሎንስ?»

«ጠብቋል። እኔ እርስዎን ብሆን ጋሼ ዮንዶንን ነበር የምጠይቀው።»

«ዓይናቸውን አሟቸዋል እኮ።»

«ጆሯቸውን አላመማቸውም» አለ ጎንቺግ፣ ወደ ሌላ ጎማ ዞረ።

ቤት ገብቼ በካሬ ደብተር ላይ ሠንጠረዥ አወጣሁ። መኪናዋ ቆማ ሞተሩን ሳስጮኸው አትንቀጠቀጥም። በስድሳ እየሄደች ማርሹን ነጻ ሳደርገው፣ ሞተሩ ጋብ ቢልም ንቅጥቅጡ እንዳለ ነው። ስለዚህ ሞተሩ የለበትም፤ ጥፋተኛው ከጎማው ጋር አብሮ የሚዞር ነገር ነው። ጎማዎቹ ነጻ ወጥተዋል። የቀረው ሻፍቱ ነበር። እስከዚህ ድረስ ሒሳቡ ልክ ነው። ቀጥዬ ግን «ሻፍቱን ያጠብኩትም የገጠምኩትም እኔ ነኝ፣ ስለዚህ በአገጣጠሙ ስህተት የለም፤ ያረጀው ክሮቼራው ነው» ብዬ ጻፍኩ። ተማሪ እንዲህ ያለ ማስረጃ ቢያመጣልኝ ዜሮ ሰጥቼ አባቱን አስጠራ ነበር።

ክሮቼራው በሻፍቱ ጫፍና ጫፍ ያለው መስቀል መሳይ ብረት ነው። አዲስ አዝዤ ከአውራጃው ከተማ በአውቶቡስ እስኪመጣ ዘጠኝ ቀን ጠበቅሁ።

ጋሼ ከኛ ቤት ሁለት መቶ እርምጃ በማይሞላ ቦታ፣ በሱፍ ድንኳናቸው ብቻቸውን ይኖራሉ። በነዚያ ቀናት ጠዋት ጠዋት ጨው ያለበትን የወተት ሻይ ይዤላቸው ስሄድ ለብሰው አገኛቸዋለሁ፤ ቡናማ ካባቸውን፣ የሐር መቀነታቸውን፣ የመንገድ ጫማቸውን። ትንሿ ቦርሳ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች። መቼ እንሄዳለን ብለው አንድ ቀን አልጠየቁኝም። ዕድሜውን በሾፌርነት የጨረሰ ሰው ሾፌርን መቼ ብሎ አይጠይቅም። እኔ ነኝ ሳልጠየቅ የምዋሽ።

«ትምህርት ቤት ስብሰባ በዛብን ጋሼ።»

«ይሁን፣ ሥራህን ጨርስ።» ከዚያ ፊታቸውን ወደ ተራራው መልሰው በዚያች በቀረቻቸው ቀዳዳ ይፈልጋሉ። «እዚያ ታች ቢጫ ጀመረ መሰለኝ። ወይስ ዓይኔ ነው?»

«ጀምሯል።»

«ምንጩ ጋ ከዚህ በሦስት ቀን ይቀድማል» ይላሉ።

«የጎንቺግን መኪና ለምነህ ውሰዳቸው» አለችኝ ሃንዳ አንድ ቀን።

«ጋሼ በገዛ መኪናቸው ነው መሄድ የሚፈልጉት» አልኳት። እንዲህ ብለው አያውቁም።

«እንግዲያው በአርባ እያልክ ቀስ ብለህ ንዳ።»

«ገደሉ ላይ ሻፍቱ ቢበጠስስ?»

ይሄኛው እንኳ እውነት ነበር፣ ግን ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ ጋሼ ገና ከወረዳው ሳንወጣ ሻፍቱን እንደፈታሁ ያውቁብኛል ብዬ መፍራቴ ነው። ያሳደገኝ ሰው ፊት ቃሉን እንደበላ ልጅ መቀመጥ አልፈለግሁም። መጀመሪያ ላስተካክለው፣ ከዚያ እንሄዳለን፣ እሳቸውም ሳያውቁ ይቀራሉ እያልኩ ቀኑን ፈጀሁት።

ክሮቼራው መጣ፣ ገጠምኩት፤ የሻፍቱን መሃል ግን አልነካሁትም። መኪናዋ ያንኑ ተንቀጠቀጠች። የካምቢዮውን የላስቲክ ትራስ ቀየርኩ። ተንቀጠቀጠች። እንደገና ጎንቺግ ጋ ሄድኩ፤ እሱ በዚህኛው ጊዜ አልቀለደብኝም። «መምህር፣ ተራራው ቢጫ ሆኖ አለቀ እኮ» አለኝ። እልህ ያዘኝና አንድ ቀን ብቻ፣ ነገ ብቻ አልኩ።

መስከረም አሥራ ሦስት ቀን ጠዋት እንደ ልማዴ ሻይ ይዤ ገባሁ። እኛ ስንገናኝ የሱረት ጠርሙስ እንሰጣጣለን፤ ታናሽ በሁለት እጁ ይቀበላል፣ አሽትቶ ይመልሳል። ጋሼ የእግሬን ኮቴ ሲሰሙ የድንጋይ ጠርሙሳቸውን ከጉያቸው አወጡና ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። የዘረጉት ግን ወደ ድንኳኑ ምሰሶ ነበር። እኔ በስተግራቸው ቆሜያለሁ። በሩ ክፍት ነው፣ ፀሐይ እስከ ምድጃው ድረስ ገብታለች። እጃቸው ምሰሶው ፊት ለፊት ጠርሙሱን ይዞ ቆየ።

ሻዩን አስቀመጥኩና በምሰሶውና በእጃቸው መሃል ገባሁ። በሁለት እጄ ተቀበልኩ፣ አሽትቼ መለስኩ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አልኳቸው።

«ከትናንት ወዲያ። ተቀመጥ፣ ሻዩ ይቀዘቅዛል።»

«ጋሼ...»

«መኪናዋን አምጣት። ሻፍቷ ምን እንደሆነ ልየው።» ልየው አሉ፣ አፋቸው ለምዶ።

«ሻፍቱ መሆኑን ማን ነገረዎት?»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ሜዳው ላይ ስትመላለስ እሰማታለሁ። ሃምሳ ላይ ማጓራት ትጀምራለች፣ ማርሽ ነጻ ስታደርግ እንኳ አትተውም። የመጀመሪያውን እሑድ ነው ያወቅሁት።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?»

ጋሼ ሲኒያቸውን በዳበሳ አገኙት። «እስክትጠይቀኝ እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። «ዛሬ ይጠይቀኛል፣ ነገ ይጠይቀኛል እያልኩ። ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌም እንዲጠየቅ ይፈልጋል። ኩራት ነው፣ ምን ይባላል። መናገር ነበረብኝ።»

ምነው በሰደቡኝ አልኩ። በእጃቸው ቢመቱኝ ይቀለኝ ነበር።

መኪናዋን ድንኳናቸው ደጃፍ ላይ በክሪክ አነሳሁ፣ የበግ ቆዳ አነጠፍኩላቸው፣ በጀርባቸው ተንፏቀው ከሥሯ ገቡ። እኔም ከጎናቸው ተኛሁ። ጣቶቻቸው ሻፍቱን ከጫፉ ጀምረው ዳሰሱት።

«ለስልሷል። ቀባኸው እንዴ?»

«ቀባሁት።»

«ደግ አደረግህ።» መሃሉ ላይ ሲደርሱ እጃቸው ቆመ። ወዲህ ፈለጉ፣ ወዲያ ፈለጉ። «ጨርቆቼስ?»

«በክብር ነው ያነሳኋቸው ጋሼ። ሰማያዊ ሐር ጭቃ ውስጥ ሳገኝ ጊዜ... አጥቤ መስታወቱ ላይ ሰቅያቸዋለሁ።»

እጃቸው ከሻፍቱ ላይ ወረደ። ከዚያ ሆዳቸው መናጥ ጀመረ። ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ሳቁ።

«አንተ መምህር፣ ያ የማኅበሩ ክበብ መጋረጃ ነው። ማኅበሩ ሲፈርስ ቀድጄ የወሰድኩት። ጥርሱ የት እንደሚገጥም የሚያሳየው የፋብሪካው ምልክት ስለጠፋ አንዱን ቋጠሮ እዚህ፣ አንዱን እዚያ፣ ትይዩ አድርጌ አሰርኳቸው፤ ስፈታው እንዳልሳሳት። እኛ ስንሠራ ጨርቅ ጨርቅ ነበር፣ ማንም አይሳለመውም።»

«ሦስት ሳምንት ሙሉ ጠዋት ጠዋት እጅ ስነሳው ነበር» አልኩ።

«እሱማ ይገባዋል። ከአንተ የተሻለ ያውቅ ነበር።»

ቀኝ እጄን ያዙና ከፊት ያለውን ሹካ፣ ክሮቼራውን በሁለት ጣቱ የያዘውን ብረት፣ አስጨበጡኝ፣ ግራዬን ደግሞ ከኋላ ያለውን። «ሁለቱ ሹካዎች አንድ ዓይነት አተኛኘት መተኛት አለባቸው፤ አለዚያ አንዱ የሚሰጠውን ሌላው አይመልሰውም፣ ሻፍቱ ይናጣል። አንድ ጥርስ አሳልፈሃል። ዓይንህን ጨፍንና ያዘው።» ጨፈንኩ። አንዱ ቀጥ ብሎ ተኝቷል፣ ሌላው ዘንበል ብሏል። ስንት ጊዜ ከሥሩ ተኝቼ አፍጥጬበት ያላየሁት ነገር በእጄ መሃል ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ። አላቀቅነው፣ አንድ ጥርስ መለስነው፣ አጠበቅነው። ቋጠሮዎቹን ራሳቸው መልሰው አሰሩ። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አልፈጀም።

«እንሂድ» አሉ ሲወጡ፣ አቧራቸውን ሳያራግፉ።

«ዛሬ?»

«ለብሻለሁ አይደል?»

ሃንዳ የወተት ዕቃዋን ይዛ ወጣች። የጋሼ እጅ የመኪናውን በር እጀታ ሲፈልግ አየች፣ ወደ እኔ ዞራ ፊቴን አየች። እኛ ስንንቀሳቀስ፣ እንደ ወጋችን መንገዱ እንዲቃና፣ ወተቱን ከኋላችን ረጨች። በጎን መስታወቱ አየኋት፤ ጭልፋዋን እንደያዘች በክንዷ ዓይኗን ጠረገች።

መኪናዋ በሰባ ሄደች፣ ወለሉ ላይ ትኩስ ሻይ ቢቀመጥ አይፈስም ነበር። ጋሼ ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ወለሉ ላይ አሳረፉ። «ይሄ የእንጨት ድልድዩ ነው» ይላሉ። «አሁን አሸዋው ይመጣል፣ በግራ በኩል ያዝ።» አንድም ቦታ አልተሳሳቱም። ሁለተኛው ተራራ ጫፍ ላይ ወርደን እንደ ወጉ የድንጋይ ክምሩን ሦስት ጊዜ ዞርን፤ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ከኋላዬ ተከተሉኝ። ከዚያ በኋላ ቁልቁለቱ ነው፣ ከቁልቁለቱ በኋላ ምንጩ።

ቢጫው አልረገፈም ነበር። መርገፉን ስመኝ ነው የመጣሁት፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ረግፎ ቢጠብቀን የሚቀለኝ መስሎኝ ነበር። ዳገቱ ከውሃው አፍ እስከ ጫፉ ቢጫ ነው፣ ፀሐይ በጎን መትታዋለች፣ አንዲት ቅጠል አልጎደለችም።

«ደረስን» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ውሃው ይሰማኛል።» ወረዱና ማንም ሳያሳያቸው ፊታቸውን ወደ ዳገቱ አዞሩ። «እንዴት ነው?»

«ቢጫ ነው።»

«ቢጫ ብቻ?»

«በጣም ቢጫ ነው ጋሼ።» ሌላ ቃል ፈለግሁ፣ አጣሁ። ይሄን ዳገት ከሕፃንነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ግን ሁልጊዜ እሳቸው «ተመልከት» ሲሉኝ ነበር የማየው፣ ለሌላ ሰው አሳይቼው አላውቅም። «ይቅር ይበሉኝ» አልኩ፣ «አንድ ጥርስ ነው እኮ፣ አንድ ጥርስ ጋሼ።»

ጋሼ ክንዴን ፈልገው ያዙ። «አንተ መቼም የምታውቀው አንድ ሥራ ነው» አሉ። «ቁጠርልኝ። ከምንጩ ጀምረህ ወደ ላይ።»

«አንድ» አልኩ። «ሁለት። ሦስት።» በጣቴ እያሳየሁ ነበር የምቆጥረው፤ ለማን እንደማሳይ እንጃ። እሳቸው አንገታቸውን ቀስ እያደረጉ በቁጥሩ ልክ ወደ ላይ ያነሳሉ። አሥራ ዘጠኝ ስል ክንዴን ጠበቅ አደረጉት።

«እሱ ወደ ውሃው የተጋደመው ነው፣ አይደል?»

«እሱ ነው።»

«አባባ ከሱ ሥር ነበር የሚቀመጠው። ቢጫ ሆኗል?»

«ሆኗል።»

«ቀጥል።»

ሁለት መቶ አርባ አንድ ድረስ ቆጠርኩላቸው፤ ከዚያ በላይ ጥዱ ተጠጋግቶ ይምታታል። «በቃ» አሉ፣ «በዝተዋል፤ እኔ ልጅ ሳለሁ እንዲህ አልነበሩም።» ደስ ያላቸው ይመስላሉ። እስካሁን ደስ ብሏቸው ይሁን ለኔ ብለው ይሁን አላወቅሁም።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ጠዋት ነፋስ ተነሣ፣ ስንነሣ የመኪናዋ ጣሪያ ቢጫ ቅጠል ለብሶ ነበር። ጋሼ እጃቸውን ጣሪያው ላይ አሳልፈው ጥቂቱን ዘገኑና ኪሳቸው ከተቱ። ስንመለስ ከጎኔ እንደተቀመጡ እንቅልፍ ወሰዳቸው። መኪናዋ ሁለት መቶውን ኪሎ ሜትር አንዴም አልተንቀጠቀጠችም። እኔ ግን መንገዱን ሙሉ የማስበው አንድ ነገር ነበር፤ የዛሬ ሳምንት፣ ዓይናቸው ሳይጠፋ፣ በአርባ እያልን፣ ቀኑን ሙሉ እየተንፏቀቅን፣ እሳቸው እየሰደቡኝ መጥተን ቢሆን ኖሮ።